መጨረሻው ስንት ነው?

መርካቶ ያደገ ሰው ዋጋን የሚያውቀው ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ነው። ነጋዴው ሺሕ ይልሃል። አንተ ትስቃለህ፣ ታዝናለህ፣ ጥለህ ለመሄድ ሁለት እርምጃ ትራመዳለህ፤ ከዚያ ዞር ብለህ «መጨረሻው ስንት ነው?» ስትል ሺሑ ሰባት መቶ ይሆናል። የመጀመሪያው ዋጋ ለጨዋታ ነው፤ እውነተኛው መጨረሻው ነው። በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ መግቢያ ላይ ይህን ዕውቀት ይዤ ፍሎሪዳ ገባሁ። እዚያ ያገኘሁት ዋጋ ግን ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ነበር።

ሰባት ነበርን፤ ወንድሜ፣ ባለቤቱ፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ የባለቤቱ እናትና ለጥየቃ ከአዲስ አበባ የሄድኩት እኔ። የወንድሜን አማት ሁላችንም «እማማ» ነው የምንላቸው። ወደ ዲዝኒ ወርልድ የመዝናኛ ግቢ የምናደርገው ጉዞ ከፍልሰታ ጋር መግጠሙን ሲሰሙ አልተቃወሙም፤ ዝም ብለው ወጥ ቤት ገቡ። በማግስቱ ንጋት ላይ ከመኪናው ኋላ ሁለት ፌስታል ቆሎ፣ አንድ ፌስታል ዳቦ ቆሎ፣ በትልቅ የፕላስቲክ ዕቃ የተሞላ በሶና በፎይል የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ተደርድሮ አገኘን። «ሰው መንገድ ሲወጣ ስንቅ ይይዛል፤ እናንተ ካርድ ትይዛላችሁ» አሉን። ወንድሜ ከሚኖርበት ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ እስከ ኦርላንዶ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ቆሎ እየቆረጠምን ወረድን። እኔ ጾሙን ለመንገደኛ ይፈቀዳል ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር፤ እማማ ግን እንዳላሳመንኳቸው በመኪናው መስታወት ውስጥ አየኋቸው።

በመጀመሪያው ቀን ልጆቹን ምሳ ልጋብዝ አልኩ። አጎት ከአገር ቤት መጥቶ አንድ ጊዜ እንኳ እጁ ኪሱ ሳይገባ ቢመለስ ነውር ነው። ግቢው ውስጥ ካሉት ራስን በራስ ማስተናገጃ ምግብ ቤቶች በአንዱ ተሰለፍን። ከራሳችን በላይ በተሰቀለው ሰሌዳ ላይ የመረጡትን አንድ በአንድ ደመርኩ፤ 48 ዶላር ከ50 ሳንቲም። ኪሴ ውስጥ ተጣጥፋ የቆየች አንዲት ባለ 50 ኖት ነበረችኝ። መልሱን ለልጆቹ እንደምተውላቸው በልቤ ወስኜ ኖቷን ዘረጋሁ። ገንዘብ ተቀባይዋ ፈገግ ብላ 51 ዶላር ከ65 አለችኝ። ተሳስታለች ብዬ ሰሌዳውን ቀና ብዬ ደግሜ ደመርኩ። የአሥራ ሁለት ዓመቷ የወንድሜ ልጅ ከትንሿ ቦርሳዋ ሁለት ዶላር አውጥታ ከእኔው ኖት ላይ ደረበችና «ታክስ ነው፣ አጎቴ» አለችኝ፤ ሰው ደጅ አይቶ «ዝናብ ነው» እንደሚለው አድርጋ። ያን ምሳ ጋባዥም ተበዳሪም ሆኜ በላሁ።

ማታ ሆቴል ገብቼ ደረሰኙን ዘረጋሁት። ሦስት ዶላር ከ15 ሳንቲም ሰውን ድሃ የሚያደርግ ገንዘብ አይደለም። የቆጨኝ መጠኑ ሳይሆን መጨረሻ ላይ መነገሩ ነው። ከማን ኪስ ወደ ማን ኪስ እንደሄደ ግን ማወቅ ፈለግሁ።

የፍሎሪዳ የሽያጭ ታክስ ከመቶ 6 ነው። በዚያ ላይ ካውንቲ የሚባሉት አካባቢያዊ አስተዳደሮች የየራሳቸውን ቁራጭ ይጨምራሉ። የዲዝኒ ወርልድ ግቢ በአብዛኛው የተኛበት ኦሬንጅ ካውንቲ የጨመረው ግማሽ ከመቶ ብቻ ስለሆነ ድምሩ 6.5 ይመጣል። ያቺ ግማሽ የምትውለው ለትምህርት ቤት ግንባታና እድሳት ነው። ነዋሪው በድምፁ አጽድቋት፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ምርጫ ደግሞ አራዝሟታል። ሌላ አንድ ከመቶ ለመንገድና ለአውቶቡስ እንጨምር ተብሎ በ2022 ሲጠየቅ ግን መራጩ እምቢ አለ። ስለዚህ ከምሳችን 24 ሳንቲም ያህሉ አይቼው ወደማላውቀው ልጅ መማሪያ ክፍል ሄዷል። እኛ ዘንድ እንግዳ ሲመጣ እግሩን ያጥቡታል፤ እዚያ ትምህርት ቤት ያሠሩታል።

እንግዳን እንዲህ ማስከፈሉ በድንገት የመጣ አይደለም። የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት በግለሰብ ገቢ ላይ ግብር መጣልን ይከለክላል። ደመወዝተኛው ካልተነካ ሌላ ሰው መነካት አለበት፤ እሱም ገዢው ነው፤ ከገዢዎቹ ደግሞ ጥቂት የማይባለው ቁምጣ ለብሶ፣ የአይጥ ጆሮ ያለው ቆብ ደፍቶ የመጣ እንግዳ ነው። በ1949 እ.ኤ.አ. ከመቶ 3 ሆኖ የተጀመረው ታክስ እያደገ ሄዶ ከ1988 ጀምሮ 6 ላይ ቆሟል። ወንድሜ በበኩሉ ማማረሬ አልገባውም። «እኛ ጋ እኮ ሬስቶራንት ውስጥ 11 ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አሌክሳንድሪያ በአጠቃላዩ 6 ላይ የከተማዋን የምግብ ቤት ታክስ 5 ትደርብበታለች። ለእሱ ፍሎሪዳ ቅናሽ ነበረች። ሰው ሁሉ ርካሽና ውድ የሚለው ከመጣበት እየለካ ነው።

ያረፍንበት ሆቴል ግን ኦሬንጅ ካውንቲ ውስጥ አልነበረም። ከዲዝኒ በስተ ደቡብ፣ ኪሲሚ ውስጥ፣ በ192 አውራ ጎዳና ዳር ነበርን፤ ያ ኦሲዮላ ካውንቲ ነው። እዚያ ጭማሪው አንድ ተኩል ስለሆነ ታክሱ 7.5 ይደርሳል። ዋልት ዲዝኒ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ያን ሁሉ ረግረግና ጫካ በልዩ ልዩ የኩባንያ ስም በድብቅ ሲያስገዛ መሬቱ ከሁለቱም ካውንቲ ነበር። ስለዚህ ወሰኑ የግቢውን ደቡባዊ ክፍል አቋርጦ ያልፋል። መስመሩ ላይ ዘበኛ የለም፣ ኬላም የለም። ያው ሃምበርገር ከመስመሩ ወዲህ 6.5፣ ከመስመሩ ወዲያ 7.5 ይታከሳል። የአልጋው ነገር ከዚህ ይብሳል፤ የቱሪስት ታክስ 6 ከመቶ ስለሚደረብበት ኦሬንጅ ውስጥ 12.5፣ እኛ ባረፍንበት ደግሞ 13.5 ነው። ለአንድ ከመቶ ልዩነት ብሎ ግን እራት ፍለጋ መኪና የሚያስነሳ ሰው ካለ ሒሳብ አያውቅም። በመቶ ዶላር እራት ላይ የሚያተርፈው አንድ ዶላር ነው፤ ቤንዚኑ ይበላዋል።

በሁለተኛው ማታ ወንድሜ «ግሮሰሪ ደርሰን እንምጣ» አለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ግሮሰሪ ማለት ቢራ የሚጠጣበት ጠባብ ቤት ነው፤ በፍልሰታ፣ ያውም አማቱ ፊት እንዲህ ማለቱ ገረመኝ። እማማ ራሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ሲነሱ ነው ነገሩ የገባኝ። ሙዝ፣ ዳቦ፣ ቲማቲም፣ ለውዝ፣ ሁለት እሽግ ውሃ፣ የልጆቹ ለስላሳና ከረሜላ ገዛን፤ ድምሩ 63 ዶላር። ታክስ ተብሎ የተጻፈው 1 ዶላር ከ5 ሳንቲም ብቻ ነበር። ታክሱ የነካው የለስላሳውንና የከረሜላውን 14 ዶላር ነው። ፍሎሪዳ ተራ ቀለብ አትታክስም። ዳቦው፣ ወተቱ፣ ፍራፍሬው፣ አትክልቱ፣ ያልጣፈጠው ውሃ ነፃ ነው። ጥሬ ዶሮ ነፃ ሲሆን እዚያው ተጠብሶ በትኩሱ የሚሸጠው ይታከሳል።

ይህን መኪና ውስጥ ሳስረዳ እማማ ጆሯቸውን ጣል አድርገው ይሰሙ ኖሯል።

«ሙዝ አይነካም?»

«አይነካም፣ እማማ።»

«ዳቦም?»

«ዳቦም።»

«እግዜር ይስጣቸው። ለካ ስንቅን መንግሥትም ያከብራል» አሉ፤ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ስለ ፍሎሪዳ ክፉ ሲወራ አይወዱም ነበር።

ያልነገርኳቸው ሌላ አንቀጽ አለ። ያ ነፃነት የመግቢያ ትኬት ከሚቆረጥበት በር አያልፍም። በትኬት በሚገባበት ግቢ ውስጥ ለወዲያው መብል ተብሎ የሚሸጥ ምግብ ይታከሳል። የባሰ የገረመኝ ደግሞ ይህ ነው፤ ፍሎሪዳ በዚያው ነሐሴ ወር ለተማሪ ቤተሰቦች ብላ ከ100 ዶላር የማይበልጥ ልብስና ጫማ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ከታክስ ነፃ አድርጋ ነበር። ሕጉ ላይ ግን በመዝናኛ ፓርክ፣ በሆቴልና በአውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ የሚሸጠውን አይጨምርም ተብሎ ተጽፏል። ነዋሪው ከተማ ውስጥ የሚገዛው ካናቴራ ነፃ ሲሆን፣ እንግዳው በሩን አልፎ የሚገዛው ያው ካናቴራ ይታከሳል። ጸሐፊዎቹ ማን የት እንደሚገዛ አሳምረው ያውቃሉ።

ደግነቱ ዲዝኒ ምግብ ይዞ መግባትን አይከለክልም፤ የመስታወት ዕቃና አልኮል አይሁን እንጂ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እማማ በሶውን ይዘው ወደ ፍተሻው ቀረቡ። ፈታሿ የፕላስቲኩን ዕቃ ከፍታ ቡናማውን ዱቄት ስታይ ለአፍታ ዝም አለች፤ እኔ ያን ጊዜ ብዙ ነገር አሰብኩ። አስተርጓሚያችን የሆነችው የወንድሜ ልጅ የተቆላ ገብስ ነው አለቻት። እማማ ደግሞ ሴትዮዋ ዓይን ላይ ጥርጣሬ ሳይሆን ረሃብ ያዩ ይመስል «ቅመሺ በያት» አሉ። ፈታሿ ስቃ አሳለፈችን።

የነሐሴ ኦርላንዶ ሙቀት ልብስን ከገላ ያጣብቃል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሰማዩ ድንገት ጠቁሮ ነጎድጓድ ይመጣል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ዝናብ ሸሽተን አንድ ጣሪያ ሥር ተጠልለን ነበር። እዚያ ግቢ ምግብ የሚሸጥበት ብዙው መስኮት በረዶ ያለበት ውሃ ለጠየቀ በነፃ ይሰጣል። እማማ ሁለት ብርጭቆ አስመጡ። በሶውን በስኳር በጥብጠው በእርጋታ ጠጡ፤ የተረፈውንም ለውሰው ጭብጦ አደረጉልኝ። በዚያች ሰዓት በዚያ ግዙፍ ግቢ ውስጥ ታክስም ቲፕም ያልደረሰበት ገበታ የእሳቸው ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የዚያው ዕለት ማታ ነው ጉዱ የመጣው።

ሰባታችንም ከሆቴላችን ብዙም በማይርቅ፣ ከዲዝኒ ጋር ግንኙነት በሌለው አንድ ምግብ ቤት እራት ገባን። እማማ የጾም ምግብ አገኙ፤ ሁላችንም ደክሞን ስለነበር አብዝተን አዘዝን። ሜኑው ላይ ያለው ሲደመር 240 ዶላር ነበር። ታክሱ 18 ዶላር። ከሥሩ ደግሞ ሌላ መስመር፤ 43 ዶላር ከ20። ይህ 18 ከመቶ ቲፕ ነው፤ ብዙ ሆነው ለሚመጡ እንግዶች ቤቱ ራሱ የሚጨምረው። ድምሩ 301 ዶላር ከ20 ሳንቲም። ወንድሜ እንቅልፍ በያዘው ዓይኑ የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ አየ፤ ካርዱን ሰጠ፤ ደረሰኙ ሲመለስ እንደ ልማዱ ባዶው መስመር ላይ የ240ውን 20 ከመቶ፣ 48 ዶላር፣ ጽፎ ፈረመ። በማግስቱ ጠዋት ስልኩ ላይ 349 ዶላር ከ20 ሲያይ ነው ሁለት ጊዜ ቲፕ መክፈሉን ያወቀው። የ240 ዶላር ሜኑ ግማሹን ያህል ወልዶ አደረ። ደወለ፤ «ፈርመውበታል» አሉት። ፍሎሪዳ ውስጥ እንዲህ ያለ ጭማሪ ሜኑውም ሒሳቡም ላይ እንዲጻፍ ሕግ ያዛል፤ ተጽፎም ነበር። ፊደሉ ግን ትንሽ ነበር።

እኛ ቲፕን ጉርሻ እንላለን። ስሙ የመጣው ከገበታ ነው፤ ጠቅልለህ ለምትወደው ሰው አፍ የምታቀርበው። ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ያምራል እየተባለ ስላደግን፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለን ሁለተኛውን እንደግማለን። ወንድሜም ሳያውቅ ደገማት። ግን ጉርሻ አስቀድሞ በ18 ከመቶ ተሰልቶ፣ በማሽን ታትሞ ሲመጣ ምን ተብሎ እንደሚጠራ እንጃ። አስተናጋጁን አልወቅስም፤ ኑሮው በዚያች መስመር ላይ ነው፤ ሥርዓቱን ያወጣው እሱ አይደለም። ሒሳቡን ሳየው ግን በሦስት ቀን ስረግመው የከረምኩት ታክስ ከዚያ ሁሉ ገንዘብ 18 ዶላሩን ብቻ ነበር የወሰደው። ጉርሻው 91 ዶላር ከ20 ነበር። ታክስ ታክስ ስል የማልጮኽበት ቦታ እየጮኽኩ ነበር።

ይህ ማለት አዲስ አበባ ከዚህ የጸዳች ናት ማለት አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የድሮውን የሽያጭ ታክስ ተክቶ የመጣው ቫት 15 ከመቶ ነው፤ የፍሎሪዳን ሁለት እጥፍ ይበልጣል። አንዱ ካፌ «ዋጋው ቫትን ያካትታል» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው «አያካትትም» ይልና በትልልቆቹ ሆቴሎች 10 ከመቶ የአገልግሎት ክፍያም ይደርብበታል። ቢያንስ ግን ይጻፍ አይጻፍ ብለን እንከራከራለን። አሜሪካውያን ክርክሩን የተዉት ይመስላል። ነጋዴዎቹ የሚሰጡት ምክንያት አርባ አምስት ግዛቶች፣ በሺሕ የሚቆጠሩ ከተሞችና ካውንቲዎች የየራሳቸው ታክስ ስላላቸው አንድ ዋጋ ማተም አይቻልም የሚል ነው። ለሳሙናና ለጫማ እሺ። አንድ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የምግብ ሰሌዳ ግን ካውንቲ አይቀይርም፤ 6.5ቱን ደምሮ መጻፍ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ጃፓን ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሸማች የሚነገር ዋጋ ታክስን አካትቶ እንዲታይ ግዴታ አድርጋለች፤ ስለዚህ ቶኪዮ ዲዝኒላንድ የሚበላ ሰው ሰሌዳው ላይ ያየውን ይከፍላል። የዲዝኒዋ አይጥ ያችው አይጥ ናት፤ የሚለየው ሕጉ ነው።

ከዚያ ሌሊት በኋላ የቤቱ ገንዘብ ሚኒስትር የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጅ ሆነች። ያወጣችው ደንብ አጭር ነው፤ ሜኑው ላይ ያለውን ደምሩ፣ ሩቡን ጨምሩበት፣ እሱ ነው ዋጋው። ልጆቹ ሚኪና ጓደኞቹ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞሩ ሰላም የሚሉበት ቡፌ ላይ ለመብላት ከቨርጂኒያ ጀምሮ ሲለምኑ ነበር። ለአዋቂ 60፣ ለልጅ 40 ዶላር ሆኖ አገኘነው። ዲዝኒ ዘንድ አዋቂነት የሚጀምረው በ10 ዓመት ስለሆነ የገንዘብ ሚኒስትራችን እንደ አዋቂ ተቆጠረች፤ ሆዷ ግን ያው የልጅ ነው። እማማ ጾመኛ ናቸው፤ እኔ ደግሞ የሰው ቁመት ያላትን አይጥ ለመጨበጥ 60 ዶላር አልከፍልም አልኩ። ዲዝኒ ውስጥ ስድስትና ከዚያ በላይ ሆኖ ለሚቀመጥ ነው 18 ከመቶው ቲፕ ራሱ የሚታከለው፤ አምስት ሆነው ሲገቡ የቲፑ መስመር ለራሳቸው ቀረላቸው።

ሦስት አዋቂ 180፣ ሁለት ልጅ 80፤ 260 ዶላር። በእሷ ደንብ 325 መሆን አለበት። ሒሳቡ ሲመጣ ታክሱ 16 ዶላር ከ90 ነበር፤ ወንድሜ በፈቃዱ 18 ከመቶ፣ 46 ዶላር ከ80፣ አከለበት፤ 323 ዶላር ከ70 ሆነ። በአንድ ዶላር ከ30 ሳንቲም ብቻ ነው የሳተችው። ገንዘቡ ትንሽ ነው አልልም፤ አዲስ አበባ ስንት ነገር እንደሚያደርግ አስቤ አንገቴን ነቅንቄያለሁ። ግን ከዚያ ቤት ሲወጡ ማንም ስለ ዋጋ አላወራም። ትንሹ ልጅ ቢጫ ጫማ ስላለው አይጥ ያወራ ነበር። መጨረሻውን ሳይቀመጡ በፊት ያውቁት ስለነበር ምግቡ በጉሮሯቸው ወርዷል።

በዲዝኒ ሆቴሎች ለሚያርፉ ቀድሞ የሚከፈልበት የምግብ ጥቅል እንዳለ ኋላ ሰማሁ። ዋጋው ታክሱን ያካትታል፤ ቲፑን ግን አያካትትም። እኛ ሰባት ሆነን፣ አንዷ በበሶ እየኖሩ፣ አያዋጣንም ነበር።

ወደዚያ የምትሄዱ ወገኖች፣ ሰሌዳው ላይ ባያችሁት ላይ ሩቡን ጨምሩና ከዚያ በኋላ ልጆቹን እሺ በሏቸው። ውሃ አትግዙ፤ ጠይቁ፣ ይሰጧችኋል። ስድስት ሆናችሁ ከተቀመጣችሁ ደግሞ ሒሳቡን ከላይ እስከ ታች ሳታነቡ እስክሪብቶ አታንሡ።